ፍንጭቴ ከእትዬ ቤት ስትወጣ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ መቀስዎ የተሳለ፣ ሱቅዎም ደንበኛ የሞላበት ይሁን። እኔ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በሰላም ገብቻለሁ። የተከራየሁት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ ነው። የሥራ ቦታዬ ደግሞ ምድር ቤት በመሆኑ ሰማይ የማየው ለምሳ ስወጣ ነው። «ብርሃን ላጥና ብለሽ ሄደሽ ጨለማ ቤት ገባሽ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው።

ልጄ ፍንጭቴ እየደጋገመች ስለምትጠይቅዎት ሥራዬን ላስረዳዎት። ለሩቅ መመልከቻ የሚሆን ትልቅ ክብ መስታወት እየተሠራ ነው፤ ስፋቱ ከበር ቁመት ይበልጣል። የእኛ ድርሻ መስታወቱ በትክክል መወልወሉን መፈተሽ ነው። በእጅ ቢዳስሱት፣ በዓይን ቢያዩት ምንም እንከን አያገኙበትም። ስለዚህ አንድ የብርሃን ጨረር ለሁለት እንከፍላለን። አንደኛው ትክክለኛነቱ ወደታወቀ ትንሽ መስታወት፣ ሁለተኛው ወደ ትልቁ ሄደው ይመለሳሉ። ተመልሰው ሲገናኙ ጥቁርና ብሩህ መስመሮች ይወጣሉ፤ ባለመስመር የሸሚዝ ጨርቅ ይመስላል። ትልቁ መስታወት ላይ የጸጉር ውፍረት አንድ መቶኛ የማትሞላ እብጠት ብትኖር እንኳ መስመሮቹ እዚያ ላይ ይጎብጣሉ። መሣሪያው ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። ስሙን ለመጥራት አይድከሙ፤ እኔም ምላሴ እስኪፈታ ብዙ ተሥቆብኛል።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። ልጄ እንዴት ናት? የወጣሁ ዕለት ከመቁረጫ ጠረጴዛዎ ሥር ገብታ አልወጣም እንዳለች፣ ግንባሯን ሳልስማት ነው የሄድኩት። ወንድምዎ ካረፈ ወዲህ እኔም እሷም ያለን ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሥራው ሁለት ዓመት ነው ብለውኛል። ሁለት ዓመት ለትልቅ ሰው አጭር ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ምን ያህል እንደሚረዝም እንጃ።

እንዳይደብቁኝ። ካለቀሰችም አለቀሰች ይበሉኝ።

ዛሬም «ሙሽራዬ» የሚሉኝ፣ የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 24

ለሙሽራዬ፣

የወጣሽበት መንገድ ይቅናሽ፤ የምትሠሪበት እጅ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ የነካካውን ጣሪያ አስጠግኛለሁ፤ ሥራም አለ።

አይደብቁኝ ብለሽኛልና አልደብቅሽም። መጀመሪያ ላይ አለቀሰች። እህል አልቀምስ ብላ አስቸገረችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሥታ «እትዬ፣ ራበኝ» አለችና በዚያው ተወችው። አሁን የምትተኛው ከእኔ ጋር ነው። ስትተኛ እግሯ አያርፍም፤ ጎኔን እንደ ከበሮ ስትደልቀው ታድራለች። አባቷም እንዲሁ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ትመጣና መርፌ ውስጥ ክር ታስገባልኛለች። ዓይኔ ለርቀት ደህና ቢሆንም ለቅርብ እየሰነፈ ነው፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ ምራቋን ነካ አድርጋ ሽው ታደርገዋለች።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ስለ መስታወቱ ስትሰማ «እብጠቱ በዓይን ካልታየ ለምን አይተዉትም?» አለችኝ። እኔም የኮት ብብት ውስጥ ያለ ስፌትም አይታይም፤ የለበሰው ሰው ግን ክንዱን ባነሣ ቁጥር ያውቀዋል አልኳት። ትክክል ነግሬያት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ካልሆነም በልጅ ፊት አታሳጪኝ።

ገንዘብ አትላኪ፤ ብዪበት። ሥጋሽ አጥንትሽን ትቶ እንዳይሄድ። ብቻ የኮት ቁልፍ ቀዳዳ የምትከፍት ጥሩ ስለታም መቁረጫ ዓይንሽ ካየች፣ እሷን እምቢ አልልም።

እትዬሽ


የካቲት 5

ለማከብርዎት እትዬ፣

ደህንነትዎን ከሩቅ ሆኜ እየተመኘሁ፣ እጅዎን በሐሳብ እስማለሁ። ለፍንጭቴ የነገሯት መልስ ከእኔ የተሻለ ነው። ለአለቃችን ብተረጉምለት ሥቆ ሥቆ፣ ከዚያ «እውነት ነው» አለኝ።

ከዚህ ጋር መቁረጫዋን ልኬያለሁ። በካርቶን የተለበጠችው ትንሽ ስስ ፕላስቲክ ደግሞ የፍንጭቴ ናት። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ጭረቶች አሉባት። ብርሃን በእነዚህ ጭረቶች መካከል ሲያልፍ ይበተንና በውስጡ የያዘው ቀለም ሁሉ ለየብቻው ይወጣል። ዓይኗ ላይ አስጠግታ አምፖል ትይባት። ፀሐይን ግን በፍጹም እንዳታይባት፤ ይህን በሚገባ ይንገሩልኝ። እኛ ጋ እንዲህ ጭረት ያለባቸውን ትልልቅ መስታወቶችም እንፈትሻለን፤ ይቺ ፈተናውን ያለፈች ባትሆንም ለልጅ ጥሩ መጫወቻ ናት።

ሥራዬ ተበላሽቶብኛል። መስመሮቹ አልረጋ አሉኝ። እንደ ኩሬ ውሃ ይርገበገባሉ፤ አንዱ ንባብ ከሌላው አይገጥምም። ጎዳናው ላይ የሚያልፈው ከባድ መኪና ነው ብለን ጠረጴዛውን በአየር ላይ አንሳፈፍነው። ባሰበት። መስታወቱን የሚረከቡት ሰዎች «አሁን ባለበት ይጫን» እያሉ ነው። የእኔ ቃል ካልተገኘ ይጭኑታል። መስታወቱ ላይ እንከን እንዳለ ልቤ ይነግረኛል፤ ልብ ግን ማስረጃ አይደለም አሉኝ።

ፍንጭቴ በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ፊደሏን ማየት አማረኝ።

ሙሽራዎ


ሚያዝያ 16

ለሙሽራዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የያዝሽው ይሙላ። ለመልሱ ዘገየሁ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ለመስፋት ተዋውዬ ቀና የምልበት ጊዜ አጣሁ።

መቁረጫዋ እንደ ምላጭ ናት፤ ተባረኪ።

የፍንጭትን መጫወቻ ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ? ዓይኗ ላይ አስጠግታ አምፖሉን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በኋላ ሱቄ የእኔ አልሆነም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰልፎ «እኔን! እኔን!» ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ተሰለፈ። ፍንጭትም ሄዳ የእሱን ቤት ረጅም ነጭ መብራት አየችበትና እየሮጠች ተመለሰች። «እትዬ፣ ያንቺ አምፖል ቀለሙ ተያይዞ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ ግን እየተቆራረጠ ነው፤ መሐል መሐሉ ጨለማ አለ» አለችኝ። እኔም አየሁት፤ እውነቷን ነው። ማንም አልነገራትም። በራሷ ነው ያየችው። ያን ቀን አንቺን እንደወጣች ገባኝና፣ ደስም አለኝ፣ ደስም አላለኝም።

ሁለት መስመር ጽፋልሻለች። «የ» ስትጽፍ ጀርባዋን ታዞረዋለች፤ ቆጥቻት ነበር፤ ተይው ብዬ ደግሞ ተውኳት።

እትዬሽ


ሰኔ 3

ለማከብርዎት እትዬ፣

የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት፤ ለምሥራች ነጋሪ የሚሰጥ ምርቃት ካለዎት ያዘጋጁልኝ።

የልጄን ፊደል ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ። «የ»ዋ እንደዞረች ትቆይልኝ።

መስመሮቹን የሚያርገበግበው የመኪና ንዝረት አልነበረም፤ አየር ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣው ሙቀት በጨረሩ መንገድ ላይ ያልፍ ነበር። መሣሪያውን ብናርቀውም ክፍሉ ራሱ ይተነፍሳል። እና እርስዎ ቤት ሙሽራ ሆኜ ሳለሁ የትራስ ልብስ ያሰፉኝን አስታወስኩና ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ። ከመሣሪያው እስከ መስታወቱ የሚደርስ እንደ ረጅም እጅጌ ያለ መሸፈኛ በእጄ ሰፋሁ። ስፌቴን ቢያዩት ያፍሩብኝ ነበር። ግን ጨረሩ በውስጡ ሲያልፍ መስመሮቹ ቀጥ አሉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ መስመሮቹ ጎብጠው ታዩ። እብጠት ነው። ንባቡን ደጋገምነው፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። መስታወቱ ሳይጫን ወደ ውልወላ ተመለሰ።

አለቃችን በማግሥቱ ጠርቶ ቋሚ ሥራ ሰጠኝ። ቋሚ ማለት፣ ልጄን ማምጣት እችላለሁ ማለት ነው። የልደቷ ወረቀት፣ የአባቷ የሞት ወረቀት፣ ሁለት ፎቶዎች ያስፈልጋሉ፤ እርስዎም እንደ አሳዳጊ የሚፈርሙት ወረቀት አለ። ወረቀቶቹን ሁሉ ከቀበሌ ነው የሚያወጡት። በቶሎ ቢያደርጉልኝ ትምህርት ሳይጀመር እወስዳታለሁ።

ሙሽራዎ


መስከረም 12

ለሙሽራዬ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ። ወር ሲያልፍ አይታወቅም። ሥራሽ ስለሠመረ እልል ብያለሁ። ጨርቁን ግን ጠርዙን ሁለት ጊዜ ሳታጥፊ ሰፍተሽው ከሆነ ይተረተራል፤ እጠፊና ድገሚው።

ዝናቡ ዘንድሮ ለጉድ ነበር። ሱቁ በር ላይ ውሃ ገብቶ የደንበኛ ጨርቅ አንሥቼ አልጋ ላይ ደረደርኩት። ፍንጭት ክፍሏን አልፋለች፤ በሒሳብ አንደኛ ናት። በፍንጭቷ አጠገብ ሌላ ጥርስ ወልቆ አሁን ስትሥቅ ደጁ ክፍት ቤት ትመስላለች። አዲስ የደንብ ልብስ ሰፍቼላታለሁ። ድመትም አምጥታብኛለች፤ አባርሬያት ነበር፤ ተመልሳ መጣች።

የወረቀቱን ነገር፣ የሚሠራው ሰውዬ ፈቃድ ወጥቷል አሉኝ። ፎቶ ላስነሣትም ሄደን ዓይኗን ጨፈነች።

ጤናሽን ጠብቂ።

እትዬሽ


ኅዳር 1

ለማከብርዎት እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ለመሆንም እየሞከርኩ ነው።

ባለፈው እሁድ በመድኃኒት ቤቱ ስልክ በተገናኘን ጊዜ ስለ ወረቀቱ ልጠይቅዎት ነበር። ፍንጭቴ መጀመሪያ ስላነሣች ከእሷ ጋር አወራሁ። ወደ እኔ ስለመምጣቷ ስነግራት «እኔ ከመጣሁ እትዬ ከማን ጋር ትተኛለች?» አለችኝ። ስንጨርስ ስልኩን ለእርስዎ ስታቀብል ግን ሰማኋት። «እማ፣ እንቺ፤ ጨርሻለሁ» አለች።

ከእኔ ጋር ስታወራ «እትዬ» ነበር የምትለው። እኔን ላለማስከፋት ነው። እንዴት ያለች ልጅ ናት!

ከዚያ በኋላ እኔና እርስዎ ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ወረቀቱ አልጠየቅሁዎትም፤ እርስዎም አላነሡትም።

እትዬ፣ ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ልጅ እማ የምትለው ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን የሚዳስሳትን ነው። ያን የዳሰሱት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ከሞተ በኋላ እኔን ከነልጄ ያስጠጉኝ፣ «ሂጂ፣ ሥሪ፣ እኔ አለሁ» ብለው የሸኙኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎን ባዶ ቤት አስቀርቼ የማገኘው ደስታ ከየት ይመጣል? አንድ ዓመት ትቆይልኝ ካሉ ትቆያለች። ይምጡ ብልዎትም ሱቁንና የወንድምዎን መቃብር ጥለው እንደማይመጡ አውቃለሁ። ግን ይንገሩኝ። የሚከብደኝ እምቢታዎ አይደለም፤ ዝምታዎ ነው።

ሙሽራዎ


ታኅሣሥ 22

ለሙሽራዬ፣ ለልጄ እናት፣

ፈጣሪ ልብሽን ያስፋልሽ። ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የቀበሌው ሰውዬ ፈቃድ አልወጣም ነበር። ታውቂያለሽ፤ እንደምታውቂም አውቃለሁ። እዚህ ላይ እንተወው።

የሚከተለውን ግን ልንገርሽ። እናታችን ስትሞት ወንድሜ የፍንጭት ዕድሜ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እማ ሊለኝ ሲሞክር ግን እምቢ እለው ነበር፤ «እኔ እህትህ ነኝ፤ እናትህ ቦታዋ ላይ ናት» እለው ነበር። ለሞተችው ቦታዋን ጠበቅሁላት። አንቺ ግን በሕይወት እያለሽ፣ ልጅሽ አንድ ቀን አምልጧት እማ ስትለኝ ጆሮዬ ጣፈጠው። ዝም አልኩ። ደገመች፤ ዝም አልኩ። ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሱቁን ዘግቼ ተቀምጠን ነገርኳት። ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ልትልኪኝ ነው?»

«እኔ አልልክሽም። እናትሽ መጥታ ትወስድሻለች።»

«ክር ማን ያስገባልሻል?»

«መነጽር እገዛለሁ።»

«መነጽር እኮ እግርሽን አያሞቅም።»

ሣቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እማ የሚባለውን እንድትተወው ነገርኳት። ተቆጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አልተቆጣሁም» አልኳት። «እማ የእናትሽ ስም ነው። እኔ በአደራ ነው የያዝኩት። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለሳል።»

ራት አልበላንም፤ ድመቷ በላችልን።

በማግሥቱ አብረን ሄድን፤ ወረቀቱ በአንድ ቀን አለቀ። ፎቶውም አማረ፤ ዓይኗን እንዳትጨፍን እኔ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሜ አሳቅኋት። ሁሉም ከዚህ ጋር ነው። አንድ ዓመት ትቆይ ያልሽው ከደግነትሽ ነው፤ ግን አንድ ዓመት ከቆየች አልሰጥሽም። ቶሎ ነዪ።

እትዬሽ


ሚያዝያ 4

ለማከብርዎት እትዬ፣

ከእርስዎ ቤት ይዤያት ከወጣሁ ወዲህ ልቤ ወደዚያ ያልተመለሰበት ቀን የለም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዞረው ሳያዩን ሄዱ። ለምን እንደሆነ ስለገባኝ አልተጣራሁም፤ እሷንም እንዳትጣራ እጇን ያዝኳት።

እንዳልዋሽዎት፣ ጅምሩ ከባድ ነበር። ታዛኛለች፣ ትበላለች፣ ትማራለች። ስም ግን የለኝም። ስትፈልገኝ እጄን ነካ ታደርግና ታወራለች። ማታ አልጋ ላይ ከእኔ እርቃ ከግድግዳው ተጠግታ ትተኛለች። «ቻይው» እያልኩ ራሴን መከርኩ። ከእርስዎ ከመለየት የከበደ ነገር ገጥሟት አያውቅም፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አያቅተኝም አልኩ።

መስታወቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸ ዕለት ትምህርት ስላልነበራት ይዤያት ሄድኩ። አለቃችን ወንበር አቀረበላት። ማሳያው ላይ መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ታዩ፤ እብጠቱ ጠፍቷል። ሰዎቹ ተጨባበጡ። እሷ ግን የመሸፈኛውን ጫፍ ገልጣ መዳፏን ከጨረሩ ሥር ያዘች፤ ሳትነካው። መስመሮቹ እንደ ጭስ ተጣመሙ። ስታነሣው ተመለሱ። ደግማ ያዘች። ከመዳፏ የሚወጣው ሙቀት ነው። ብቻዋን አወቀችው። ሲያዩዋት ደንግጣ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። አለቃችን ግን «ለዚች ልጅ ሥራ አለኝ፤ ግን መጀመሪያ ትደግ» አለ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ መስመሮቹ ጠየቀችኝ። ያን ያህል አውርታኝ አታውቅም።

የሆነው ግን ከዚያ በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ ነው። የትምህርት ቤት ቀሚሷ ረዝሞባት ጠርዙን ላሳጥር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ክር ቆረጥኩ፣ አስገባሁ፣ ሰፋሁ፤ ተቋጠረ። ፈታሁ፤ ሰፋሁ፤ ተቋጠረ። እርሳሷን አስቀመጠችና፣ ልክ እንደ እርስዎ ምላሷን ጧ አድርጋ፣

«እማ፣ ክሩን አሳጥሪው። እንዲህ ከረዘመ ይቋጠራል» አለችኝ።

ቀና ብዬ አላየኋትም። ክሩን አሳጠርኩ።

ያን ማታ ስትተኛ እግሯ ጎኔን ደለቀኝ።

ውሌን ስፈርም ለአንድ ነገር ብቻ ተከራከርኩ፤ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ሁለት ወር ፈቃድ አለኝ። በሐምሌ ሁለታችንም እርስዎ ቤት ነን። ወደፊትም የልጅቷ ክረምት የእርስዎ ነው።

ሙሽራዎ


ግንቦት 20

ለሙሽራዬና ለፍንጭት፣

ሰላማችሁ እንደ ምንጭ አይንጠፍ። እኔ ደህና ነኝ። መነጽር ገዝቻለሁ፤ አፍንጫዬ ላይ አልቀመጥ ብሎኝ ጉድ ሆኛለሁ፤ ክሩን ግን አየዋለሁ። ድመቷ አልጋው ላይ ወጥታ እግሬ ሥር ትተኛለች። አላባርራትም።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አነበብኩት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል መጥቶ ነበር። አነበብኩና መልሼ አጠፍኩት፤ ከዚያ ዛሬ ቁልፍ አልተክልም፣ ነገ ና አልኩት። ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ «ልጃችን እናቷን ጠራቻት» አልኩት። እሱም ምንም ሳይጠይቅ ኮቱን ትቶልኝ ሄደ። ሱቁን ዘግቼ ቤት ገባሁ፤ እንደ ልቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ ከፈትኩ። አሁን ቀሎኛል። ከእንግዲህ አልዋሽሽም፤ ቀሎኛል።

ረጅም ክር የሰነፍ ክር ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ንገሪያት፤ ትምህርቷን ስላልረሳች ኮርቻለሁ።

ለሐምሌ የምትለብሰው ቀሚስ ሰፍቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሰማያዊ ነው፤ ኪስ አለው። ልኳን ሳልይዝ ነው የሰፋሁት፤ እዚህ ሳለች በነበራት ላይ የመሰለኝን ጨምሬበታለሁ። ከሰፋት ጠርዙን አጥፊላት። ከጠበባት ግን እንዳትነኪው፤ ስንት ጣት እንደጎደለ ለክተሽ ጻፊልኝ። ምን ያህል እንዳደገች በዚያ አውቃለሁ።

እትዬአችሁ